ኬሞው ከደም ሥር ሲወጣ፦ ነርስ ደረጃ በደረጃ ምን ታደርጋለች?

«ዶክሶ እየሰጠሁ እጇ ትንሽ ያበጠ መሰለኝ። ካኑላውን ወዲያው ነቅዬ በረዶ አደረግኩላት። ልክ ነኝ?»

የመድኃኒቱ ስም ይቀያየራል እንጂ ይህ ጥያቄ ከአዳዲስ ነርሶች በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። መልሱ ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ነው። ለዶክሶ፣ ማለትም ለዶክሶሩቢሲን፣ በረዶ ትክክል ነው። ካኑላውን (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠውን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ቀድሞ መንቀል ግን የፈሰሰውን መልሶ ለመሳብ ያለንን መንገድ ይዘጋል። መድኃኒቱ ቪንክሪስቲን ቢሆን ኖሮ ደግሞ በረዶውም ጉዳት ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንድ ጊዜ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

የጻፍኩት በካኑላ ኬሞ ለምትሰጡ ነርሶች ነው። ሆስፒታላችሁ የራሱ ፕሮቶኮል ካለው እሱ ይቀድማል። ማርከሻ መድኃኒት ደግሞ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል።

የያዛችሁት መድኃኒት የትኛው ነው?

በደም ሥር መሄድ የነበረበት መድኃኒት ወደ አካባቢው ሥጋ ሲፈስ ኤክስትራቬዜሽን እንለዋለን። ምን ያህል እንደሚጎዳ በመጀመሪያ የሚወስነው የመድኃኒቱ ዓይነት ነው። ሥጋ የሚያቆስሉት ቬሲካንት ይባላሉ፤ እነሱም ሁለት ቤት ናቸው።

የመጀመሪያው ቤት ዶክሶሩቢሲን፣ ኤፒሩቢሲን፣ ዳውኖሩቢሲን፣ ማይቶማይሲንና ዳክቲኖማይሲን ናቸው። እነዚህ ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃሉ። የተጎዳው ሴል ሲሞት መድኃኒቱ አብሮ አይሞትም፤ ወጥቶ ጎረቤቱን ይይዛል። ለዚህ ነው ዛሬ ትንሽ ቅላት ብቻ ያያችሁበት ቦታ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠቁሮ ጉድጓድ ሊሆን የሚችለው። እዚህ ሐሳባችን መድኃኒቱን ባለበት ማሰር ነው፤ ስለዚህ ቅዝቃዜ።

ሁለተኛው ቤት ቪንክሪስቲን፣ ቪንብላስቲንና ቪኖረልቢን ናቸው። ከዲኤንኤ ጋር አይጣበቁም፤ ሰውነት ቀስ በቀስ አፍርሶ ያስወግዳቸዋል። እዚህ ሐሳቡ ተገላቢጦሽ ነው፤ በትነን እናሳሳዋለን፤ ስለዚህ ሙቀት። ቅዝቃዜ እነዚህን ያብሳል።

ፓክሊታክሰልና ዶሴታክሰልም ሥጋ ሊያቆስሉ ይችላሉ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ዶክሶሩቢሲን አይከፉም። ካርቦፕላቲን፣ ኢቶፖሳይድና ኦክሳሊፕላቲን በአብዛኛው ያቃጥላሉ እንጂ አያቆስሉም። ሲስፕላቲን የወፈረው (በሚሊ ሊትር ከ0.5 ሚሊ ግራም በላይ) ከ20 ሚሊ ሊትር በላይ ከፈሰሰ ግን ከቬሲካንቶቹ ጋር ቁጠሩት። ሜቶትሬክሴት፣ ሳይታራቢን፣ ብሊዮማይሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ በዚህ በኩል ብዙም አያስፈሩም።

ይህን ዝርዝር በቃል አትያዙት። «ቀዝቃዛ» እና «ሙቅ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጽፋችሁ ትሮሊው ላይ ለጥፉት። ሰው ሲደነግጥ በቃሉ የያዘው ይጠፋበታል።

አስቀድሞ የሚዘጋጁ ዕቃዎች

ሁሉም በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ ኬሞ በሚሰጥበት ክፍል ይቀመጥ። ቁልፉ ቢሮ የተቀመጠ ሳጥን እንደሌለ ነው።

- ባዶ ሲሪንጅ፣ 2 እና 5 ሚሊ ሊትር፣ ብዙ ፍሬ
- 25 ጌጅ ወይም ከዚያ የቀጠነ መርፌ
- ጓንት (ሁለት ሁለት የሚደረግ)፣ ጋዋን፣ የዓይን መከላከያ
- ጎዝ፣ ግልጽ ፕላስተር፣ ኖርማል ሳላይን
- ቆዳ ላይ የሚጽፍ ማርከርና ማስመሪያ
- የቀዝቃዛ ማሸጊያ። ከሌላችሁ ጓንት ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ አስራችሁ በፍሪዘር አቆዩ
- ለሙቀት የሃይላንድ ጠርሙስና ንጹሕ ጨርቅ
- ፋርማሲው ካለው ማርከሻዎቹ፦ ዴክስራዞክሴን፣ ዲኤምኤስኦ፣ ሃያሉሮኒዴዝ
- የሪፖርት ቅጽ፣ የተረኛ ሐኪምና የፋርማሲ ስልክ ቁጥር
- ለኬሞ ቆሻሻ የተለየ ሴፍቲ ቦክስ

ማርከሻዎቹ በብዙ ቦታ አይገኙም። ፋርማሲስቱን ዛሬውኑ ጠይቁት። ቢያንስ የሌለውን ነገር ስትፈልጉ የምታጠፉት ሰዓት ይቀርላችኋል።

ሀ. እንዳይፈስ ማድረግ

1. አዲስ ካኑላ አድርጉ። ትናንት ደም ወይም አንቲባዮቲክ የተሰጠበትን ካኑላ ለቬሲካንት አትጠቀሙ። ሲያዩት ደህና ቢመስልም የደም ሥሩ ግድግዳ ደክሟል። ሰማያዊው (22) ወይም ቢጫው (24) ይበቃል፤ ቀጭን ካኑላ በዙሪያው ደም እንዲያልፍ ቦታ ስለሚተው መድኃኒቱ ቶሎ ይቀጥናል። የብረት ቢራቢሮ መርፌ ፈጽሞ አይሆንም፤ ታካሚው እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ደም ሥሩን ይወጋል።

2. ቦታ ምረጡ። ከክርን በታች፣ ከእጅ አንጓ በላይ ያለው የክንድ ክፍል አንደኛ ነው፤ ሥጋ አለው፣ መገጣጠሚያ የለበትም። የክርን እጥፋት ለመውጋት ቀላል ስለሆነ ይስበናል፣ ግን ፈሳሹ ወደ ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ነርቭና ጅማት ያገኛል። የእጅ ጀርባና አንጓ ላይ ደግሞ ቆዳው ስስ ነው፣ ከሥሩ ጅማት አለ፤ እዚያ የደረሰ ቁስል ጣት እስከማጠፍ ይከለክላል። በጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ብብት ሥር እጢ የወጣበትን ጎንም ተዉት።

አንዴ ስታችሁ ከሆነ ሁለተኛው ውጊያ በሌላው እጅ ይሁን። ካልተቻለ ከመጀመሪያው በላይ፣ ወደ ልብ በኩል ይሁን። ከበታች ከወጋችሁ መድኃኒቱ ወደ ላይ ሲያልፍ በድሮው ቀዳዳ ይወጣል። ሁለቴ ከሳታችሁ ደግሞ ሌላ ባልደረባ ጥሩ፤ ይህ ማፈሪያ አይደለም።

3. በግልጽ ፕላስተር አስሩት። የካኑላው ጫፍ ያለበት ቆዳ ሁልጊዜ መታየት አለበት። በጎዝ ተጠቅልሎ የተሸፈነ ካኑላ ላይ እብጠቱን የምታዩት ከረፈደ ነው። ማሰሪያውን (ጓንትም ይሁን ቱርኒኬት) መፍታታችሁን አረጋግጡ፤ ብርድ ልብሱም እጁን አይሸፍን።

4. ደም መመለሱን እዩ፣ ከዚያ በ10 ሚሊ ሊትር ሳላይን ሞክሩ። እየገፋችሁ በሌላው እጃችሁ ከካኑላው በላይ ያለውን ቆዳ ዳስሱ። ካበጠ፣ ካስቸገረ፣ ካመመ ቦታ ቀይሩ። የፈሰሰ ሳላይን ምንም አያደርግም፤ ሙከራውን በሳላይን የምናደርገው ለዚህ ነው። ልብ በሉ፦ ደም መመለሱ ብቻውን ዋስትና አይደለም። የካኑላው ጫፍ ደም ሥሩን በከፊል ከበሳው ደም እየተመለሰም ይፈስሳል። ደም ካልተመለሰ ግን ቬሲካንት አይጀመርም።

5. ታካሚውን አስተምሩ። «ካቃጠለዎት፣ ከወጋዎት፣ ከቀዘቀዘዎት ወይም እጅዎ ከከበደዎት ወዲያው ይንገሩኝ፤ አቆመዋለሁ።» ይህን ቃል በቃል ንገሯቸው። ምክንያቱም ብዙ ታካሚ ኬሞ የግድ ማሳመም ያለበት ይመስለዋል። አንድ ጊዜ አንዲት እናት እጃቸው አብጦ አገኘኋቸውና ለምን እንዳልጠሩኝ ስጠይቃቸው «መድኃኒቱ እየሠራ መስሎኝ ነው ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልናገር አልጀምርም።

አማርኛ የማይሰሙ ከሆነ አስታማሚው ከመጀመሩ በፊት ያስረዳቸው። ሕፃን፣ በቅድመ መድኃኒት ያንቀላፋ ታካሚ፣ ወይም በቀደሙ ዙሮች ጣቱ የደነዘዘ ሰው ሊነግራችሁ አይችልም፤ እነሱን በዓይናችሁ ጠብቁ።

6. ስትሰጡ አትራቁ። ዶክሶሩቢሲንን በነፃነት እየወረደ ባለ የሳላይን ድሪፕ ጎን ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ በየ2 እስከ 5 ሚሊ ሊትሩ ቆም ብላችሁ ደም መመለሱን እዩ። ድሪፑ በራሱ ከዘገየ ምልክት ነው። ቪንክሪስቲን በሲሪንጅ ሳይሆን በትንሽ ከረጢት (50 ሚሊ ሊትር ሳላይን) ተበጥብጦ በ5 እስከ 10 ደቂቃ ይውረድ። ከረጢቱ የተመረጠው በስህተት ወደ አከርካሪ እንዳይሰጥ ነው፤ በአከርካሪ የተሰጠ ቪንክሪስቲን ይገድላል። ያን ያህል ደቂቃ አጠገቡ ቁሙ።

በካኑላ ለሚሰጥ ቬሲካንት ፓምፕ አትጠቀሙ። ፓምፕ አይሰማውም፤ ሥጋ ውስጥም ቢሆን መግፋቱን ይቀጥላል። ሦስት ሰዓት የሚፈጀው ፓክሊታክሰል በማዕከላዊ መስመር (ልብ አጠገብ ወዳለው ትልቅ ደም ሥር በሚገባ ቱቦ) ቢሆን ይመረጣል። በካኑላ ከሆነ ቢያንስ በየ15 ደቂቃው ሄዳችሁ ክንዱን እዩት፣ ንኩት።

ቬሲካንቱና ሌላው መድኃኒት በአንድ ቀን ካሉ፣ ፕሮቶኮሉ ካልከለከለ ቬሲካንቱን አስቀድሙ፤ ደም ሥሩ ገና አልደከመም። ሲያልቅ በሳላይን በደንብ እጠቡ፣ ከዚያ ካኑላውን ንቀሉ።

ለ. ፈሰሰ ወይስ ሌላ ነገር ነው?

በዶክሶሩቢሲን ጊዜ በደም ሥሩ መስመር ላይ ቀይ ሰንበርና የሚያሳክክ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል። ደም ይመለሳል፣ እብጠት የለም፣ ብዙውን ጊዜ በ30 ደቂቃ ገደማ ይጠፋል። ይህ የቆዳ ምላሽ ነው እንጂ መፍሰስ አይደለም። እንደዚያም ሆኖ አቁሙ፣ በሳላይን እጠቡ፣ ሐኪሙን አማክሩ፣ ከጠፋ በኋላ ቀጥሉ። መድኃኒቱ በሚሄድበት መስመር ብቻ የሚሰማ ሕመምና መወጠር፣ እብጠት ከሌለው፣ የደም ሥር መቆጣት ሊሆን ይችላል።

ማቃጠል፣ በካኑላው ዙሪያ እብጠት፣ የቆዳ መወጠር ወይም ማብረቅ፣ የደም መመለስ መጥፋት፣ የድሪፕ መዘግየት፣ በፕላስተሩ ሥር እርጥበት ካያችሁ ግን እንደፈሰሰ ቁጠሩት። መጻሕፍቱ «ቅላት» ይላሉ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላት ላይታይ ይችላል። ሁለቱን ክንዶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ አወዳድሩ፤ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ለኩ።

ተጠራጥራችሁ መወሰን ካቃታችሁ እንደፈሰሰ አድርጋችሁ ሥሩ።

ሐ. ከፈሰሰ በኋላ

7. አቁሙ። ድሪፑን ዝጉ፣ ሲሪንጁን ተዉ። «ትንሽ ናት የቀረችው፣ ልጨርሳት» ማለት የለም። ጓንት ደርቡ፣ ሰው ጥሩ።

8. ካኑላውን አትንቀሉ፣ አትጠቡ። ቱቦውን ብቻ ከካኑላው ለዩ። በሳላይን ማጠብ መድኃኒቱን የበለጠ ወደ ሥጋ ይነዳዋል።

9. መልሳችሁ ሳቡ። አዲስ ባዶ ሲሪንጅ (2 ወይም 5 ሚሊ ሊትር) ገጥማችሁ በቀስታ የሚወጣውን ሁሉ ሳቡ። ምንም ላይወጣ ይችላል፤ ጥቂት ጠብታም ብትሆን ግን ትጠቅማለች። የወጣውን መጠን መዝግቡ። አካባቢውን አትጫኑ።

10. አሁን ካኑላውን ንቀሉ፣ በጎዝ ሳትጫኑ ሸፍኑ።

11. ዙሪያውን በማርከር አስምሩ፣ በማስመሪያ ለኩ፣ በታካሚው ፈቃድ ፎቶ አንሱ። ነገ ሰፋ ወይስ ጠበበ የሚለውን የሚፈርደው ይህ መስመር ነው። ክንዱን በትራስ ከልብ ከፍ አድርጉት፤ እብጠቱን ይቀንሳል።

12. ለሐኪሙ ንገሩ። የመድኃኒቱን ስም፣ ሰዓቱን፣ ቢበዛ ምን ያህል እንደፈሰሰ። ዶክሶሩቢሲን በሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ሆኖ 50 ሚሊ ግራም ከታዘዘ ሲሪንጁ 25 ሚሊ ሊትር ነበር። 10 ከቀረ 15 ገብቷል፤ ቢበዛ 30 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የት እንደገባ ባታውቁም ከፍተኛውን ቁጥር ጻፉ።

13. ቅዝቃዜ ወይም ሙቀት። ሁለቱም ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን 4 ጊዜ፣ ለ24 እስከ 48 ሰዓት።
- ቀዝቃዛ፦ ዶክሶሩቢሲን፣ ኤፒሩቢሲን፣ ዳውኖሩቢሲን፣ ማይቶማይሲን፣ ዳክቲኖማይሲን። ለፓክሊታክሰልና ዶሴታክሰልም አብዛኛው ፕሮቶኮል ቀዝቃዛ ይላል።
- ሙቅ፦ ቪንክሪስቲን፣ ቪንብላስቲን፣ ቪኖረልቢን። ኦክሳሊፕላቲንም ከዚህ ወገን ነው፤ ቅዝቃዜ የነርቭ ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል።

በረዶን በጨርቅ ሳትጠቀልሉ ቆዳ ላይ አታድርጉ፤ በራሱ ያቃጥላል። የሞቀውን ጠርሙስ መጀመሪያ በራሳችሁ አንጓ ውስጠኛ ቆዳ ሞክሩት። ለብ ያለ ይሁን፣ የሚፋጅ አይሁን። እርጥብ ፎጣ ቆዳውን ስለሚያላሽቅ ደረቁን ተጠቀሙ።

14. ማርከሻ፣ ከታዘዘ።

ዴክስራዞክሴን ለዶክሶሩቢሲንና ለዘመዶቹ ነው። የመጀመሪያው ዶዝ ከፈሰሰ በ6 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ለሦስት ቀን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይሰጣል፦ በካሬ ሜትር 1000፣ 1000፣ ከዚያ 500 ሚሊ ግራም። በሌላኛው እጅ ይሰጥ፤ በረዶውን ቢያንስ ከ15 ደቂቃ በፊት አንሱ፣ ደም ወደ ቦታው ካልሄደ ማርከሻውም አይደርስም። ከዲኤምኤስኦ ጋር አይደረብም።

ዲኤምኤስኦ የሚቀባ ነው፤ ዴክስራዞክሴን ለሌለበት ቦታ አማራጭ ነው። የ99 በመቶው ፈሳሽ በማርከር ባሰመራችሁት ቦታ ላይ በስሱ ይቀባል፣ በአየር ይደርቃል፣ አይሸፈንም። በየ8 ሰዓቱ ቢያንስ ለ7 ቀን። ትንሽ ያቃጥላል፣ እንደ ነጭ ሽንኩርት ያለ ትንፋሽም ያመጣል፤ ለታካሚው አስቀድማችሁ ንገሩ።

ሃያሉሮኒዴዝ ለቪንክሪስቲን ቤት ነው። 150 ዩኒት በ1 ሚሊ ሊትር፤ 0.2 ሚሊ ሊትር እየሆነ በእብጠቱ ጠርዝ አምስት ቦታ ከቆዳ ሥር ይወጋል፣ መርፌው በየውጊያው ይቀየራል። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይሻላል።

15. ሕመሙን አክሙ፣ መዝግቡ። ቀንና ሰዓት፣ የካኑላው ቦታና ቁጥር፣ ደም ይመለስ እንደነበር፣ ታካሚው ያለው ቃል፣ የፈሰሰው ግምት፣ የተሳበው መጠን፣ የእብጠቱ ልክ፣ ማን መቼ ተነገረው፣ ምን ተደረገ። «እጅ አብጧል፣ በረዶ ተደርጓል» የሚል ቻርት ለቀጣዩ ተረኛ ምንም አይነግረውም።

መ. ወደ ቤት ሲሄዱ

16. የክትትል ቀን ስጡ። በ24 እና በ48 ሰዓት፣ በሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ሳምንት በየሳምንቱ። ታካሚው ከክፍለ ሀገር የመጣ ከሆነ የእሱንና የአስታማሚውን ስልክ ያዙ፤ በየጊዜው በቴሌግራም ፎቶ እንዲልኩ አድርጉ። ማስመሪያ ከጎኑ አስቀምጠው፣ በቀን ብርሃን።

17. የማይደረገውን በግልጽ ንገሩ። ወጌሻ አይሽው፣ ቅቤ፣ ማር ወይም ቅጠል አይደረግበት፣ ውኃ የቋጠረው አይፍረጥ። ፀሐይ አያግኘው፤ ጠባብ እጅጌ፣ ሰዓትና አምባር አይደረግበት። ከ48 ሰዓት በኋላ ግን ጣቱንና ክርኑን በቀስታ ያንቀሳቅስ፤ ካልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያው ይደርቃል።

18. ወዲያው የሚያስመልሱ ምልክቶች፦ የቆዳ መጥቆር ወይም መንጣት፣ ውኃ መቋጠር፣ መቁሰል፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የጣት መደንዘዝ፣ ትኩሳት። ትኩሳት በኬሞ ላይ ላለ ሰው በራሱ ድንገተኛ ነው። ቁስሉ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከ10 ቀን በላይ ካልለቀቀ የቀዶ ሐኪም ይየው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አንደኛው ስቴሮይድ በቦታው መውጋት ነው። ከድሮ የቀረ ልማድ ነው፤ ለዶክሶሩቢሲን ጥቅሙ አልተረጋገጠም፣ በቪንክሪስቲን ቤት ደግሞ ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል። ባይካርቦኔትም እንዲሁ ቀርቷል።

ሌላው ፖርት (ደረት ቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ከትልቅ ደም ሥር ጋር የተያያዘ የመድኃኒት መስጫ) ያለውን ታካሚ አይፈስበትም ብሎ መዘናጋት ነው። መርፌው ከፖርቱ ከተንሸራተተ መድኃኒቱ ወደ ደረት ቆዳ ይፈስሳል። ደረት ወይም አንገት ላይ ሕመም ካለ አቁሙ፣ ሳቡ፣ ሐኪም ጥሩ።

ከሁሉ የሚከፋው «ትንሽ ቻል ያድርጉት» የሚለው ቃል ነው። ሲስተር ካለች ታካሚው ይችላል፤ ሥጋው ግን አይችልም።

በሚቀጥለው ዙር ካኑላውን በሌላው እጅ አድርጉ፣ የተጎዳውን ክንድ ደግሞ ገልጣችሁ እዩት። ፓክሊታክሰል በሌላ ቦታ ሲሰጥ ድሮ የፈሰሰበት ቦታ እንደገና ሊቆጣ ይችላል። በቻርቱ ፊት ገጽ ላይ የፈሰሰበትን እጅ፣ ቀንና መድኃኒት በጉልህ ጻፉት።